የጉልበት ማስታገሻን ከኩላሊት ጋር ምን አገናኘው?



ዛሬ የምናወራው ስለ ኩላሊት ነው። «ውሃ ጠጡ፣ ጨው ቀንሱ» ብለን ግን አንለያችሁም፤ ይሄንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ደም የሚጣራባትን ትንሿን ክፍል ከፍተን እናያለን። እዚያ ውስጥ የሚሆነውን የተረዳ ሰው፣ ፋርማሲ ሄዶ «ለጉልበቴ ማስታገሻ ስጡኝ» ሲል አብሮ መናገር ያለበት ነገር እንዳለ ይገባዋል።

በምሳሌ እንጀምር። ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ አንዲት እናት አሉ እንበል። የደም ግፊት አለባቸው። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውን ሽንት የሚያበዛ ክኒን ሳያቋርጡ ይወስዳሉ፤ ግፊታቸውም ተስተካክሏል። አንድ ሰሞን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጎረቤታቸው «እኔን ያሻለኝ ዳይክሎፌናክ ነው» ትላቸዋለች፣ ልጅ ተልኮ ይገዛል። እውነትም ይሻላቸዋል። በሳምንቱ ደግሞ ሆዳቸውን ያማቸውና ሁለት ቀን ሙሉ ያስቀምጣቸዋል። ምግብም ውሃም አልወርድ ይላቸዋል። መድኃኒቶቹን ግን «ማቋረጥ አይገባም» ብለው በሥርዓት ይውጣሉ። በሦስተኛው ቀን ሽንታቸው ይቀንሳል፣ ሰውነታቸው ይዝላል። ጤና ጣቢያ ሄደው ሲመረመሩ ኩላሊታቸው ሥራውን እያቆመ ነው።

እኚህ እናት ምን አጠፉ? ከወሰዷቸው መድኃኒቶች አንዱም መርዝ አይደለም። ተቅማጥም ማንንም ይይዛል። ችግሩ የመጣው ሁሉም በአንድ ጊዜ አንዲት ቦታ ላይ ስለተገናኙ ነው። ያቺን ቦታ እንያት።

ወንፊት ያለ ግፊት አይሠራም

እያንዳንዱ ኩላሊታችን በአማካይ 1 ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት፤ ኔፍሮን ይባላሉ። በእያንዳንዱ ኔፍሮን ጫፍ ላይ እንደ ክር ልቃቂት የተድበለበሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉ። ይህ ልቃቂት ግሎሜሩለስ ይባላል። ወንፊቱ እሱ ነው። ውሃውን፣ ጨውንና ቆሻሻውን ያሳልፋል፤ የደም ሴሎችንና ትልልቅ ፕሮቲኖችን ያስቀራል።

ሁለቱ ኩላሊቶች ተደምረው ከሰውነታችን ክብደት 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ሆኖም ልብ ከምትረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ እነሱ ይሄዳል። በቀን የሚያጣሩት ፈሳሽ 180 ሊትር ገደማ ነው። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብንቀዳው 9 ጀሪካን መሆኑ ነው! ከዚህ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው 1 ወይም 2 ሊትር ብቻ ነው፤ የቀረው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያጣራው በምን ኃይል ነው? በግፊት ነው። «ውሃ መጥቷል፣ ግን ግፊት የለውም» የምትባለዋን ነገር አዲስ አበባ የኖረ ሰው ያውቃታል። ቧንቧው አልተሰበረም፣ ሻወሩም አልተደፈነም፤ ግፊት ስለሌለ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። ግሎሜሩለስም እንደዚያው ነው። እዚያ ውስጥ ያለው ግፊት በሌላው የሰውነት ክፍል ካሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያም በላይ ነው። ግፊቱ ከወረደ ወንፊቱ ምንም ጤነኛ ቢሆን ማጣራት ያቆማል። ግፊቱ ለዓመታት ከበዛ ደግሞ ወንፊቱ ራሱ ይጎዳል።

ሁለት በሮች

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። በአብዛኛው የሰውነታችን ክፍል ደም ቀጫጭኖቹን ሥሮች አልፎ በቀጥታ ወደ መልስ ደም ሥር ይገባል። ግሎሜሩለስ ላይ ግን በመግቢያውም በመውጫውም ጡንቻ ያላቸው፣ መጥበብና መስፋት የሚችሉ ትንንሽ ደም ሥሮች አሉ። ለዚህ ጽሑፍ «ገቢው» እና «ወጪው» እንበላቸው። ሕጉ ቀላል ነው፦

• ገቢው ሲሰፋ ብዙ ደም ይገባል፤ የወንፊቱ ግፊት ይጨምራል።
• ገቢው ሲጠብ የሚገባው ደም ያንሳል፤ ግፊቱ ይወርዳል።
• ወጪው ሲጠብ ደሙ መውጫ አጥቶ ይጨናነቃል፤ ግፊቱ ይጨምራል።
• ወጪው ሲሰፋ ደሙ ቶሎ ሾልኮ ይሄዳል፤ ግፊቱ ይወርዳል።

ደረጃ ስንወጣ የደም ግፊታችን ይጨምራል፣ ስንተኛ ይቀንሳል። የወንፊቱ ግፊት ግን ብዙም አይናወጥም፤ ምክንያቱም ሁለቱ በሮች ቀኑን ሙሉ ጠበብ ሰፋ እያሉ ያስተካክሉታል። ጠበብ በሉ፣ ሰፋ በሉ ብለው የሚያዟቸው ኬሚካሎች ብዙ ናቸው። እኛ ሦስቱን ብቻ እንውሰድ።

መልእክት አንድ፦ «ወጪውን አጥብብ!»

በ1898 ስቶክሆልም በሚገኘው ካሮሊንስካ ተቋም ሮበርት ቲገርስቴት የተባለ ተመራማሪ ከተማሪው ፔር በርግማን ጋር አንድ ሙከራ አደረገ። ከጥንቸል ኩላሊት የተጨመቀ ፈሳሽ ወስደው ሌሎች ጥንቸሎች ላይ ሲወጉት የጥንቸሎቹ የደም ግፊት ወጣ። ግፊቱን ያወጣውን ነገር ሬኒን አሉት። ኩላሊት ደም ማጣሪያ ብቻ ሳይሆን መልእክት ላኪም እንደሆነ የታየው ያኔ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ውሃ ስናጣ ወይም ደም ሲፈሰን ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ግፊት ይቀንሳል። በገቢው በር ግድግዳ ላይ ያሉ ሴሎች ይህን ያውቁና ሬኒንን ወደ ደም ይለቃሉ። ሬኒን ከጉበት የመጣውን አንድ ፕሮቲን ይቆርጠዋል። የተቆረጠውን ደግሞ በተለይ ሳንባ ውስጥ በብዛት የሚገኝ ሌላ ኢንዛይም እንደገና ያሳጥረዋል። በመጨረሻ የሚገኘው ኬሚካል አንጂዮቴንሲን ሁለት ይባላል።

አንጂዮቴንሲን ሁለት በመላው ሰውነት የደም ሥሮችን ያጠባል። ኩላሊት ውስጥ ግን ከገቢው ይልቅ በወጪው በር ላይ ይበረታል። ውጤቱ ምን መሰላችሁ? ወደ ኩላሊት የሚመጣው ደም ቢያንስም ወጪው ስለጠበበ በወንፊቱ ውስጥ ያለው ግፊት አይወድቅም። ውሃ ሲያጥረን ማጣራቱ እንዳይቋረጥ የሚያደርገው አንዱ ይህ ነው።

መልእክት ሁለት፦ «ገቢውን ክፍት አድርግ!»

ሁለተኛው መልእክት ፕሮስታግላንዲን ነው። ኩላሊት እዚያው ራሱ ይሠራዋል፤ ገቢውን በር ያሰፋል። ጤነኛ፣ ውሃ በደንብ የጠጣ ወጣት ላይ ይህ መልእክት ያን ያህል ወሳኝ አይደለም። ሰውነት ሲጨነቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። ተቅማጥ፣ ትውከት፣ የደም መፍሰስ፣ የልብ ድካም፣ የጉበት በሽታ ወይም ቀድሞ የተጎዳ ኩላሊት ሲኖር የሰውነት የጭንቀት መልእክቶች ገቢውንም ጭምር ያጠቡታል። ያኔ «አይ፣ ይሄኛው በር ክፍት ይቆይ» ብሎ የሚከራከረው ፕሮስታግላንዲን ነው።

እዚህ ላይ ነው የጉልበት ሕመም የሚገባው። የተቆጣ መገጣጠሚያ ላይ እብጠትና ሕመምን የሚያባብሱትም የዚሁ የፕሮስታግላንዲን ቤተሰብ ኬሚካሎች ናቸው። እንግሊዛዊው ጆን ቬን በ1971 አስፕሪንና መሰሎቹ ሕመምን የሚያስታግሱት ፕሮስታግላንዲን እንዳይሠራ በማድረግ መሆኑን አሳየ። በ1982 ከስዊድናውያኑ ሱኔ በርግስትሮምና ቤንግት ሳሙኤልሰን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ ናፕሮክሰን ሁሉም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

እንግዲህ ክኒኑ አድራሻ አያውቅም። የጉልበቱን ፕሮስታግላንዲን ሲያስቆም የኩላሊቱንም ያስቆማል። የዋጥነው ለጉልበት ቢሆንም ትእዛዙ ኩላሊትም ይደርሳል። በመርፌ ቢወሰድም ያው ነው።

መልእክት ሦስት፦ ጨው ቆጣሪው

ሦስተኛው በጣም ይገርማል። ከወንፊቱ የወጣው ፈሳሽ የሚሄድበት ቱቦ ረጅም መንገድ ተጉዞ፣ ዞሮ መጥቶ የራሱን ወንፊት ይነካል፤ ያውም በሁለቱ በሮች መሃል። እዚያ ጨው የሚቆጥሩ ሴሎች አሉ። ብዙ ጨው ካለፈ «ማጣራቱ በዝቷል» ብለው አዴኖሲን በሚባል ኬሚካል ገቢውን ያጠቡታል። ትንሽ ጨው ካለፈ ደግሞ ገቢው እንዲሰፋ ያደርጋሉ። እያንዳንዱ ኔፍሮን የራሱ ቆጣሪ አለው ማለት ነው። ይህን መልእክት ያዙልን፤ ስኳር ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ወደ እናታችን እንመለስ

አሁን ነገሩ ግልጽ ይሆናል። አንድ በአንድ እንቁጠር።

አንደኛ፣ ተቅማጡና ሽንት የሚያበዛው ክኒን ተባብረው በሰውነታቸው ያለውን ፈሳሽ ቀነሱት። ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ግፊት ወረደ።

ሁለተኛ፣ ኩላሊቱ ገቢውን ክፍት ለማቆየት ፕሮስታግላንዲን ሊሠራ ሞከረ። ዳይክሎፌናክ ከለከለው። ገቢው ጠበበ።

ሦስተኛ፣ ኩላሊቱ በአንጂዮቴንሲን ወጪውን ለማጥበብ ሞከረ። ኢናላፕሪል ያንን ኬሚካል የሚሠራውን ኢንዛይም ስለያዘው እሱም አልሆነም። ወጪው እንደሰፋ ቀረ።

ገቢው ጠቦ፣ ወጪው ሰፍቶ፣ የሚመጣው ደምም አንሶ ግፊቱ ወደቀ። ወንፊቱ አልተቀደደም፣ አልተደፈነምም። ግፊት አጥቶ ነው ሥራ ያቆመው።

ደስ የሚለው፣ ይህ ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ማስታገሻው ይቆማል፣ ፈሳሽ ይተካል፣ ሐኪሙ የቀሩትን መድኃኒቶች ለጊዜው ይይዛል፤ ኩላሊቱም ያገግማል። ከቆየ ግን ደም ያጡት የኔፍሮን ቱቦዎች ራሳቸው መሞት ይጀምራሉ። ያኔ ማገገሙ ይረዝማል፤ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል።

ሐኪሞች ይህን የሦስት መድኃኒቶች ጥምረት ያውቁታል። በ2013 የወጣ አንድ የብሪታንያ ጥናት ከ487 ሺህ በላይ የደም ግፊት መድኃኒት ተጠቃሚዎችን መረጃ አይቷል። ሦስቱን አንድ ላይ የሚወስዱ ሰዎች፣ ማስታገሻውን ሳይጨምሩ ሁለቱን የግፊት መድኃኒቶች ብቻ ከሚወስዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት የሚደርስባቸው መጠን በ31 በመቶ ከፍ ያለ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ደግሞ በ82 በመቶ። ይህ ማለት ሦስቱን የወሰደ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም። ዕድሜው የገፋ፣ ኩላሊቱ ቀድሞ የደከመ ወይም ተቅማጥ የያዘው ሰው ግን ከአብዛኛው ሰው ተለይቶ አደጋ ላይ ነው።

«እንግዲያው ኢናላፕሪሉን ላቁም?»

በፍጹም! ይህንን ጽሑፍ አንብቦ የግፊት መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ካለ እኛ ጥፋት ሠራን ማለት ነው። ለምን እንደሆነ እንንገራችሁ።

ለሁለት ቀን ሕይወት የሚያድን መልእክት ለሃያ ዓመት ሲደጋገም ይጎዳል። ጥሩ ምሳሌው የስኳር በሽታ ነው። በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ የኔፍሮን ቱቦ የተጣራውን ስኳር መልሶ ሲስብ ጨውንም አብሮ ይስባል። ጨው ቆጣሪው ጋ የሚደርሰው ጨው ያንሳል። ቆጣሪው ተሳስቶ «ማጣራቱ ቀንሷል» ይልና ገቢውን ያሰፋዋል። በሌላ በኩል አንጂዮቴንሲን ወጪውን ያጠባል። ገቢው ሰፍቶ ወጪው ሲጠብ ወንፊቱ ቀን ከሌት በከፍተኛ ግፊት ይወጠራል። ከዓመታት በኋላ ቀዳዳዎቹ ይለቃሉ፣ አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን በሽንት መውጣት ይጀምራል፤ ወንፊቱም ቀስ በቀስ ጠባሳ ይሆናል።

የኢናላፕሪል ዘመዶች ጥቅማቸው እዚህ ጋ ነው። ኢናላፕሪል መልእክቱ እንዳይጻፍ ያደርጋል፣ ሎሳርታን ደግሞ የተጻፈው እንዳይነበብ። በሁለቱም መንገድ ወጪው ይሰፋል፣ ወንፊቱም ያርፋል። በ1993 በ409 የስኳር ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ካፕቶፕሪልን የወሰዱት ሰዎች የመሞት፣ ዳያሊሲስ ወይም ንቅለ ተከላ ላይ የመድረስ ዕድላቸው በግማሽ ቀንሷል።

በቅርብ ዓመታት የመጡት እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ በሌላኛው በር ይገባሉ። ስኳርና ጨው አብረው እንዳይሳቡ ያግዳሉ፤ ጨው ቆጣሪው እንደገና በትክክል ይቆጥራል፣ ገቢውም ጠበብ ይላል። በ2019 እና በ2020 የወጡ ትልልቅ ጥናቶች ኩላሊት የሚደክምበትን ፍጥነት እንደሚቀንሱ አሳይተዋል።

አንድ ሌላ ነገር እዚህ እናንሳ። እነዚህ መድኃኒቶች ሲጀመሩ ክሪያቲኒን የሚባለው የኩላሊት ምርመራ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ብዙዎች ይህንን ሲያዩ «መድኃኒቱ ኩላሊቴን ጨረሰው» ብለው ይደነግጣሉ። የወንፊቱ ግፊት በመቀነሱ የመጣ ለውጥ ነው። እስከ 30 በመቶ ድረስ የሆነ ጭማሪ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱን ለማቆም ምክንያት አይሆንም። ከዚያ ካለፈ ወይም ፖታሲየም ከጨመረ ሐኪሙ ምክንያቱን ይፈልጋል። ስለዚህ ከጀመራችሁ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደም ሰጥታችሁ መመርመራችሁን አትርሱ።

ምን እናድርግ?

1. ፋርማሲ ስትሄዱ ማስታገሻ ከመጠየቃችሁ በፊት «የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ስሙ እንዲህ ነው» በሉ። ስሙን ካላወቃችሁት ፓኬቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ወይም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ስኳር፣ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ካለም ተናገሩ።

2. ለተራ ሕመም ፓራሲታሞል ይበቃ እንደሆነ ጠይቁ። በታዘዘው ልክ ከተወሰደ ገቢውን በር እንዲህ አያጠብም። ከልክ ሲያልፍ ግን ጉበትን ስለሚጎዳ «ቢበዛም ችግር የለውም» አይባልም። ለጉልበት የሚቀባውም ዓይነት ወደ ደም የሚገባው መጠን ከሚዋጠው በጣም ያነሰ ነው፤ ይሆናችሁ እንደሆን ባለሙያ ጠይቁ።

3. ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲይዛችሁ እነ ዳይክሎፌናክን አትንኩ። ኦአርኤስ ጠጡ። የግፊት፣ የሽንትና የስኳር መድኃኒታችሁን በእነዚያ ቀናት ለጊዜው መያዝ እንዳለባችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። እንዲያውም ሳትታመሙ፣ በቀጠሮ ቀን «ተቅማጥ ቢይዘኝ የትኛውን ልያዝ? መቼ ልመልሰው?» ብላችሁ ብታስጽፉ ይመረጣል። በራሳችሁ አታቋርጡ።

4. ውሃ ሳትጠጡ ረጅም ሰዓት የምትጾሙ፣ በዓረብ አገራት ሙቀት ውስጥ የምትሠሩ እህት ወንድሞቻችንም እንዲሁ። ሰውነት ውሃ ባጣበት ሰዓት ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ማስታገሻ መዋጥ ገቢውን በር በክፉ ሰዓት ማጥበብ ነው።

5. የግፊት መድኃኒታችሁን እየወሰዳችሁ ግፊታችሁ ያለምክንያት አሻቅቦ ከሆነ ማስታገሻ መውሰዳችሁን አስታውሱ። እነዚህ ማስታገሻዎች ጨውና ውሃ ይይዛሉ፣ የግፊት መድኃኒቱንም ሥራ ያዳክማሉ።

6. ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ወይም ለማርገዝ ያሰባችሁ፣ ኢናላፕሪልን፣ ሎሳርታንንና መሰሎቻቸውን የምትወስዱ ከሆነ ዛሬውኑ ለሐኪም ተናገሩ። የጽንሱ ኩላሊት ለመፈጠርና ለመሥራት አንጂዮቴንሲን ያስፈልገዋል። በምትኩ በእርግዝና ወቅት የሚሰጡ ሌሎች የግፊት መድኃኒቶች አሉ።

7. ግፊት ወይም ስኳር ካለባችሁ ቢያንስ በዓመት አንዴ ክሪያቲኒንና የሽንት አልቡሚን ተመርመሩ። የኩላሊት አቅም በግማሽ ገደማ ቀንሶም ክሪያቲኒን ብዙ ላይጨምር ይችላል፤ ሕመምም ላይሰማችሁ ይችላል። «አላመመኝም» የሚለው ለኩላሊት ማስረጃ አይሆንም።

ሽንት በጣም ከቀነሰ፣ እግርና ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰውየው ግራ ከተጋባ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ወደ ሕክምና ሂዱ።

ለማጠቃለል፣ ኩላሊት የሚኖረው በሁለት ትንንሽ በሮችና በሚደርሷቸው መልእክቶች ነው። የምንውጠው ክኒንም ከመልእክቶቹ አንዱ ነው። ክኒኑን መፍራት አያስፈልግም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ማወቅ ግን ያስፈልጋል።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ እንጂ የሐኪምን ምክር የሚተካ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አባት ወይም እናት ካሉ ዛሬ ማታ የመድኃኒት ከረጢታቸውን አብራችሁ ክፈቱት፤ ከመሃሉ ማስታገሻ ካገኛችሁ መቼና ስንት ጊዜ እንደሚወስዱት ጠይቋቸው። ማንበብ ለማይችሉት አንብቡላቸው፣ ለሌሎችም ሼር አድርጉ።